እታለምን ማስታወስ፦ የአንድ የጅማ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እኔ ዘንድ ሲደርስ እናትየዋ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። ያደረሰው ደግሞ የአሥር ዓመቷ ልጇ የአራት ዓመት ወንድሟን መንገድ ላይ ትታው መሄዷ ነው። ሁልጊዜ ከትምህርት ቤት ስትወጣ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ትቀበለውና እጁን ይዛ ወደ ቤት ትወስደዋለች። በዚያን ቀን አዌቱ ድልድይ ጋ ሲደርሱ «እዚህ ቁም፤ እማዬ በዚህ በኩል ነው የምትመጣው» ብላው ብቻዋን ወደ ቤት ገባች። ልጁ እንደታዘዘው ቆመ። አመሻሽ ላይ ዝናቡ ሲወርድ እዚያው ቆሞ ያገኘው አባቱን በባጃጅ ተራ የሚያውቅ አንድ ሊስትሮ ነው። በነጋታው አባትየው ልጅቷን ይዟት ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደ፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ወደ እኔ ላካቸው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬ ከልጆችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ነው።

ቤተሰቡ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዷል። የማንንም ስም አልጻፍኩም፤ ማንነታቸውን የሚያጋልጥ ነገርም ለውጫለሁ። ሟችን ታናናሾቿ በሚጠሯት እታለም፣ ትንሹን ልጅም ቤቱ በሚጠራው ማሙሽ እላቸዋለሁ።

እታለም ለእናቷ የበኩር ልጅ ናት። ስትሞት 29 ዓመቷ ነበር። ጅማ መርካቶ ጠርዝ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ሌላው ከተቀመጠ የምትሞላ ሱቅ ተከራይታ ልብስ ትሰፋ ነበር። ከነሐሴ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ እንቅልፍ የሚባል አያውቃትም፤ የዩኒፎርም ወቅት ነው። ባሏ ባጃጅ ይነዳል፤ ንጋት 11 ሰዓት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። እሷ ከሞተች በኋላ ልጆቹ በአንድ ግቢ ውስጥ ካለችው አያታቸው ጋር ናቸው። ሁላችንም እማማ ነው የምንላት። አንዲት ታናሽ እህት አለች፤ እሷም ልብስ መስፋትን ከእታለም የተማረች ናት።

የአክስትየዋ አንድ ቃል ነው ቤቱን ለሁለት የከፈለው።

ልጅቷ መጀመሪያ የሰጠችኝ መልስ «ረስቼው ነው» የሚል ነበር። ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ምንም አትረሳም። እኔን ጭምር «ቲቸር» ነው የምትለኝ። ከብዙ ጨዋታ በኋላ፣ አንገቷን ደፍታ የጫማዋን ማሰሪያ እየፈታችና መልሳ እያሰረች፣ የሰማችውን ነገረችኝ። በእናቷ አርባ ዋዜማ ሴቶቹ ማጀት ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ አክስቷ ማሙሽን ታቅፋ «ይኼ ልጅ ነው እህቴን የበላት» አለች። አንዷ «አንቺ፣ ልጁን እንዲህ አትበይ» ብላ ተቆጣቻት፣ ሌላዋ ምራቋን ዋጠች፣ ወሬው ተቀየረ። ሰባት ዓመት ያለፋት ልጅ በሩ ጥግ ቆማ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ ዘንድ ወንድሟ የእናቷ ገዳይ ነው፤ ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰችም። ማልቀሷን ያየ ሰው «አይዞሽ፣ አታልቅሺ፣ ትልቅ ልጅ ነሽ» ይላታል፤ እሷም ትልቅ ልጅ ሆና ዝም አለች።

በሐዘን ቤት ልጅ እግር ሥር እንዳለ የምንረሳው ነገር ነው። ድንኳን ተተክሎ፣ እድርተኛው ወንበር ደርድሮ፣ ንፍሮው ሲዞር፣ ልጅ «እንዳያይ» ጎረቤት ይላካል። ግን ይመለሳል፤ ይሰማል። በእኛ ዘንድ ለአዋቂ እንኳ መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለ፦ ቅርብ ዘመድና ሽማግሌ ተሰባስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውየው የሚደገፍበት ትከሻ አጠገቡ ተዘጋጅቶ። ለልጅ ግን መርዶ የሚያረዳ የለም። ከማጀት ያመለጠ ወሬ ነው መርዶው።

ማሙሽ የሚጠብቃት እናት

ማሙሽ የሚያውቀው ሌላ ነው። እናቱ ስትሞት ሁለት ዓመት አልሞላውም። እማማ «አዲስ አበባ ለሕክምና ሄዳለች» ትለዋለች፤ ይህንም ያለችው በርኅራኄ ነው። ፎቶዎቹ በሙሉ ከግድግዳ ወርደው እማማ ሳጥን ውስጥ ከነጠላዋ ሥር ተቀምጠዋል። ልጁ የእናቱን መልክ አያውቀውም። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚገባ አውቶቡስ ባየ ቁጥር ግን ቆሞ የሚወርዱትን ሴቶች ይመለከታል። እህቱ ድልድዩ ጋ «በዚህ በኩል ነው የምትመጣው» ስትለው ለምን ያለ ጥርጥር እንዳመናት አሁን ግልጽ ነው፤ ውሸቱን የፈጠረችው እሷ አይደለችም፣ ቤቱ ያዘጋጀላትን ነው የተጠቀመችበት።

እማማን «ለምን አልነገራችሁትም?» ስላት «ልጄ፣ ሕፃን ምን ያውቃል? ሲያድግ ይደርስበታል» አለችኝ። ትንሽ ቆየችና ግን «እኔ ራሴ አፌን ሞልቼ ሞተች ማለት አልችልም» አለች። እውነተኛው ምክንያት ሁለተኛው ይመስለኛል። ሞትን ከልጅ መደበቅ በአብዛኛው ለልጁ ሲባል የሚደረግ አይደለም፤ የሚናገረው ሰው አንጀቱ ስላልቻለ ነው። ይህን ስል እማማን ለመውቀስ አይደለም። ልጅ ቀብሮ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይበል?

አባትየው ሦስተኛው ዝምታ ነው። ቤት ውስጥ የእታለም ስም ሲነሣ ተነሥቶ ባጃጁን ይወለውላል። ሰው «ነፍስ ይማር» ሲለው «አሜን» ብሎ ያልፋል። ከእኔ ጋር ለብዙ ጊዜ የተነጋገርነው ስለ ነዳጅ ወረፋና ስለ ጎማ ዋጋ ነበር። አልተጣደፍኩም፤ ወንድ ልጅ ስለ ሐዘኑ ዙሪያ ጥምጥም ካልሄደ ቀጥታ አይመጣም።

ሕመሙ ከየት መጣ

እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ መጻፍ የምፈልገው ሁሉም ሰው ስለ ሞቷ የሚናገረው ታሪክ ስለሚለያይ ነው። አክስትየዋ ዘንድ ልጁ ነው፣ እማማ ዘንድ ዓይነ ጥላ ነው፣ ባልየው ዘንድ ራሱ ነው። የሕክምና ካርዷንና የእናቷን ትዝታ አንድ ላይ ስናስቀምጠው እንዲህ ይመጣል።

እታለም አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናት ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። እማማ በልጅነቷ እንጥሏን ተቆርጣለች፣ የእማማ እናትም እንደዚያው፤ ልጇንም ወስዳ አስቆረጠች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የልጅቷ ጉልበት አበጠ። ጉልበቷ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ፣ እሱ ሲሻላት ክርኗ። ቁርጥማት ነው ተባለ፤ በቅቤ ታሸች፣ ጸበል ተጠመቀች፣ ተሻላት። ስለተሻላት ማንም ሁለተኛ አላሰበበትም።

በሽታው የሩማቲክ ትኩሳት ነበር። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ያመጣው የጉሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የገዛ መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። በአብዛኛው የሚያገኘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። መገጣጠሚያው ይድናል፤ የልብ በሮች ግን ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ቁስልና የደም መፍሰስ ግን ያመጣል። ሰዎች ተፋፍገው በሚኖሩበት ቤት፣ በተለይ እንደ ጅማ ዝናቡ ረጅም በሆነበት አገር ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ተከማችተው ሲውሉ፣ የጉሮሮ ሕመሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛመት አይቸገርም። በ2010 የዓለም ጤና ጉባኤ ሩማቲክ ትኩሳትንና የሩማቲክ የልብ ሕመምን የሚመለከት ውሳኔ ያሳለፈውም ችላ የተባለ የድሃ አገር በሽታ ስለሆነ ነው።

በ17 ዓመቷ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ በልብ አልትራሳውንድ ሲታይ በግራ በኩል ያለው ማይትራል የሚባለው በር ጠቧል። በየ28 ቀኑ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እንድትወጋ ታዘዘላት፤ ዓላማው አዲስ የጉሮሮ ሕመም መጥቶ በሩን የበለጠ እንዳያበላሽ ነው። መርፌው ወፍራም ነው፣ ቂጥን ለቀናት ያሳምማል። መድኃኒቱ የሚጠፋበት ወር አለ፤ «ታማሚ ወድቆብኝ ያውቃል» ብሎ ለመውጋት የሚፈራ ባለሙያም ያጋጥማል። እታለም ለተወሰኑ ዓመታት ተወጋች፣ ከዚያ «ደህና ነኝ» ብላ ተወችው። ይህን መርፌ ከሚያቋርጡት ብዙዎቹ የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ደህና ነኝ።

በ21 ዓመቷ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ አልጋ ይዛ ነው ጊዜውን ያሳለፈችው። በእርግዝና ጊዜ የሰውነት ደም ወደ ግማሽ የሚጠጋ ይጨምራል፣ ልብም ይፈጥናል። በሩ የጠበበ ልብ ያን ሁሉ ደም በዚያ ፍጥነት ማሳለፍ ስለማይችል ደሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ከሁሉ የሚያስፈራው ምጡና ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ሐኪሟ በሩ ሳይታከም ሁለተኛ እንዳታረግዝ ነገራት፤ ክንዷ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ አስቀበረች። አዲስ አበባ ተልካ ተራ ያዘች። በአገራችን የልብ በር የሚከፈትባቸውና የሚቀየርባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ደጅ ስንት ሰው ዓመታት እንደሚጠብቅ ያስጠበቀ ያውቀዋል። ተራዋ ሳይደርስ ማሙሽ ተረገዘ። ወለደችው፣ ተረፈችም። ልቧ ግን ከዚያ በኋላ ምቱ ተዛባ፤ እግሯ ያብጣል፣ ሌሊት ሦስት ትራስ ተደግፋ ነው የምትተኛው። ማሙሽ ጡት በተወ ክረምት ሳንባዋ በውኃ ተሞልቶ ሆስፒታል ገባች፤ አልወጣችም።

እንግዲህ «ማሙሽ ገደላት» ሐሰት ነው። «እርግዝናው ምንም አላደረጋት» ማለትም ሐሰት ነው። የአሥር ዓመቷን ልጅ በሁለተኛው ሐሰት ማጽናናት ቀላል ነበር፤ ግን ልጅቷ ብልህ ናት፣ አንድ ቀን ሐኪም ዘንድ ወይም መጽሐፍ ላይ ታገኘዋለች፣ ያን ጊዜ የኔም ቃል ከአያቷ አዲስ አበባ ጋር አንድ ይሆናል። የመረጥነው ቃል «የእማዬ ሕመም አንቺም ማሙሽም ሳትወለዱ፣ እሷ አንቺን ስታክል የጀመረ ነው» የሚል ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው።

ችግሩ ይህ እውነት ማሙሽን ነፃ ሲያወጣ እማማን መያዙ ነው። የሆስፒታሉ የውስጥ ደዌ ሐኪም ስለ ጉሮሮው ሲያስረዳ እማማ እጇን አፏ ላይ ጭና «እንጥሏን ያስቆረጥኳት እኔ ነኝ» አለች። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ደነገጠ። ወቀሳ ቤት ውስጥ እንደገባ እንግዳ ነው፤ አንዱ ወንበር ሲነሣበት ሌላው ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪሙን አስቀድሜ አነጋገርኩትና ለእማማ አንድ ነገር ደግሞ ነገራት፦ በዚያን ጊዜ ጤና ጣቢያ ብትወስጃትም ኖሮ የጉሮሮ ሕመም ብዙ ጊዜ እንደ ጉንፋን ታይቶ ይታለፋል፤ የጉሮሮ ሕመም ያመመው ልጅ ሁሉ ልቡ አይታመምም፤ የማን እንደሚታመም አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። እማማ ሰምታ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለችው። አመነችው አላመነችው ፊቷ ላይ አይነበብም።

የልኬት ደብተሩ

ከእታለም ሱቅ አጠገብ አዝራርና ክር የምትሸጥ ሴት አለች፣ የልብ ጓደኛዋ ነበረች። ከሞቷ በኋላ ደንበኞች ያልተሰፋ ጨርቃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ማን ምን እንደሰጠ ለማወቅ ደብተሯን ይዛ የነበረችው እሷ ናት፤ ሁሉንም አስረክባ ደብተሩ እጇ ላይ ቀረ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ባለ መስመር የተማሪ ደብተር ነው፤ ጠርዙ በኖራ ተበክሏል። በየገጹ ስምና ቁጥር ነው፦ «የመምህሩ ልጅ፣ ወገብ 58፣ እጅጌ 41፣ ኪሱ ድርብ ስፌት።» እታለም የልጆች ኪስ ቶሎ እንደሚቀደድ ስለምታውቅ ጥጉን ሁለት ጊዜ ትሰፋው ነበር፤ ልጅቷ እስካሁን የትምህርት ቤት ጓደኞቿን ኪስ በጣቷ ነክታ «ይኼ የእማዬ ነው» ትላለች።

ደብተሩን ልጅቷና እኔ አብረን ገለጥነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የራሷ ስም አለ፤ ቁመቷ፣ ደረቷ፣ ወገቧ። እናቷ ሳታስበው የልጇን እድገት መዝግባለች። ልጅቷ ጣቷን በቁጥሮቹ ላይ እያስኬደች ስታነብ ድምጿ አልተለወጠም። ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ ግን ቆመች፦ «ማሙሽ፣ ለጥምቀት፣ ቁመት 74፣ ደረት 46፣ ከእህቱ ቀሚስ ከተረፈው ጨርቅ።» ያን ቀሚስ ታስታውሰዋለች፤ ነጭ ነው፣ ጥለቱ አረንጓዴ። «እሱም ለብሶ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ፎቶ ይኖር እንደሆነ እማማን እንድትጠይቅ ነገርኳት። በዚያው ማታ ሳጥኑ ተከፈተ። ፎቶው ላይ እናት መሀል ቆማለች፣ ሁለቱ ልጆች ከአንድ ጣቃ ጨርቅ የተሰፋ ለብሰዋል። ማሙሽ እናቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያኔ ነው፤ «እቺ ማናት?» ብሎ ጠየቀ።

ጓደኛዋ ግን ደብተሩን ስትሰጠኝ ሌላም ነገር ሰጥታኛለች፤ ከዚህ ጉዳይ ለእኔ ከሁሉ የከበደው እሱ ነው። የወሊድ መከላከያው አልከሸፈም። እታለም ራሷ ሄዳ አስወጥታዋለች፤ አብራት የሄደችውም ይህች ጓደኛዋ ናት። ለባሏ አልነገረችም፣ ለእናቷም። ጓደኛዋ «አብደሻል?» ስትላት «ተራው አይደርሰኝም፤ አውቀዋለሁ። ልጄን ብቻዋን ትቻት ከምሄድ ሁለት ሆነው ይያያዙ» አለቻት።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልጻፍ። ለቅሶ ላይ ስለ እታለም የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፦ እርግብ ነበረች፣ አፍ የላትም፣ ለሰው ኗሪ፣ ክፉ ደግ የማታውቅ። ሰው ሟችን ሲያወድስ የዋህ ያደርጋል፤ የዋህ ደግሞ ነገር የሚደርስበት እንጂ የሚያደርግ አይደለም። የሞተችው እርግብ ከሆነች ገዳይ መፈለግ የግድ ነው፤ ቤቱም ሲፈልግ ነበር፣ ማሙሽን አገኘ፣ ባልየውን አገኘ፣ እንጥል ቆራጯን አገኘ። ጓደኛዋ የምታውቃት እታለም ግን አደጋውን የሰማች፣ ያመዛዘነች፣ የወሰነች ሴት ናት። ውሳኔዋ ትክክል ነበር አልልም፤ እኔ ብሆን እለምናት ነበር። ግን የእሷ ነበር፤ ቤተሰቡ ሊያስታውሳት ከፈለገ ከነውሳኔዋ ነው።

ጓደኛዋን አስፈቅጄ መጀመሪያ ለባልየው ነገርነው። እሷው ራሷ ናት የነገረችው፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ። መጀመሪያ ተቆጣ፤ «እኔ ባሏ አይደለሁም? ለአዝራር ነጋዴ ተነግሮ ለእኔ የማይነገር!» ብሎ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ሁለት ዓመት ሙሉ ገዳይ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት» አለኝ። «ወንድ ልጅ ቢኖረን ብያት ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ እየሳቅኩ። በዚያ ምክንያት መስሎኝ።» ከዚያ ወዲህ ስለ ጎማ አላወራንም።

ለልጅቷ ይነገራት ወይ? አባትየው ይነገራት አለ፤ ጓደኛዋም ደስ ይላታል ብላ አሰበች። እኔ አልተስማማሁም። «እናትሽ የሞተችው አንቺ ብቻሽን እንዳትቀሪ ብላ ነው» የሚለውን ቃል የአሥር ዓመት ልጅ ምስጋና አድርጋ አትሰማውም፤ ዕዳ አድርጋ ነው የምትሰማው፣ ገዳይነቱም ከማሙሽ ወደ እሷ ይዞራል። የተነገራት «እማዬ ማሙሽን ፈልጋ ነው የወለደችው፤ እናንተ እንድትያያዙ ትመኝ ነበር» የሚለው ነው። ሌላው ስታድግ፣ ከአባቷ አፍ። ልጅቷ ይህን ሰምታ ብዙ አልተናገረችም። «እና አክስቴ ለምን እንደዚያ አለች?» ብላ ጠየቀች። አባቷ «አክስትሽ በጣም አዝና ነበር፣ ያዘነ ሰው ያገኘውን ይናገራል» አላት።

መርዶው

ማሙሽን የማርዳቱን ሥራ ወሰዱት አባቱና አያቱ። ቀደም ብለን የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሄደች፣ ተኛች፣ አረፈች የሚል ቃል እንዳይገባ። ይህ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ሞት የማይመለስ መሆኑን ገና አልያዘውም፤ «ተኛች» ካሉት ሲያስተኙት ይፈራል፣ «ሄደች» ካሉት መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቃል፣ ይኸው ጠብቋል። እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። ጎረቤታቸው ሐጂያ ቡና አፍልታ መጣች፤ በለቅሶውም ጊዜ ድንኳኑ ሥር ከእማማ ጎን ሌሊቱን የተቀመጠችው እሷ ናት። አባትየው በርጩማ ስቦ ልጁን ፊቱ አቆመው።

«ማሙሽ፣ እማዬ አዲስ አበባ አይደለችም። እማዬ ሞታለች።»

«መኪና ገጭቷት?»

«አይ። ልቧ ታሞ።»

«መቼ ትመጣለች?»

«የሞተ ሰው አይመጣም፣ ልጄ።»

ልጁ አሰበ። «እሷን ማን ያበላታል?» አለ። አባትየው መልስ አጣ፤ እማማ ናት ያገዘችው፤ «የሞተ ሰው አይርበውም፣ አይበርደውም፣ አያመውም» አለችው። ማሙሽ «እሺ» ብሎ ቂጣውን ይዞ ወጣ። በነጋታው እንደገና ጠየቀ፣ በሳምንቱም እንደገና። እማማ «አልገባውም ማለት ነው፣ በከንቱ ነገርነው» ብላ ተጨነቀች፤ ግን ልጅ ሞትን የሚማረው እየጠየቀ ነው፣ አንድ ዓይነት መልስ ደጋግሞ ካገኘ ይይዘዋል። ዋናው ለውጥ እማማ ላይ ነው የታየው፦ «ሞታለች» የሚለውን ቃል ለማሙሽ ስትመልስ ስትመልስ ለራሷም ከአፏ ወጣ።

የስፌት መኪናውን ነገር ባጭሩ ልለፈው። አክስትየዋ ከሰባቱ ማግስት ሲንጀሩን ወስዳዋለች፤ «እህቴ ለእኔ ብላለች» ትላለች። ኑዛዜ የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ናቸው፤ በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት ደግሞ ግማሹ የባል ነው። የእድሩ ሽማግሌዎች ይህን አስረድተው፣ መኪናው አክስትየዋ ዘንድ ሆኖ ለልጆቹ በየዓመቱ ዩኒፎርማቸውን እንድትሰፋ አስማሟቸው። ፍርድ ቤት ቢሄዱ ኖሮ አንድ አሮጌ መኪና ያተርፉና አክስት ያጡ ነበር። በነሐሴ ሁለት ዩኒፎርም ተሰፍቶ በሰው እጅ መጣ። ልጅቷ ኪሱን ነካ አድርጋ «ድርብ አይደለም» አለች፣ ለበሰችው ግን።

አሁን ያለው ሁኔታ

ልጅቷ በልብ አልትራሳውንድ ታይታለች፤ ልቧ ጤነኛ ነው። የማሙሽም እንዲሁ። ከእናቷ ሕመም ወዲህ በቤቱ የጉሮሮ ሕመም ቀላል ነገር መሆኑ ቀርቷል። ባለፈው ክረምት ልጅቷ ስታተኩስና መዋጥ ሲያቅታት እማማ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ራሷ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። የታዘዘው የ10 ቀን ፔኒሲሊን ነው። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ተሽሏት መጫወት ስትጀምር «ይበቃኛል» አለች፤ እማማ ግን ክኒኑን በቀን በቀን በወረቀት ጠቅልላ ሳጥኑ ላይ ደርድራ እስከ አሥረኛው ቀን ቆማ አስዋጠቻት። ስለ እንጥል በቤቱ አይወራም፤ ይህን በር እኔም አላንኳኳሁትም፣ የእማማ ነው።

ፎቶው ግድግዳ ላይ ተመልሷል። ልጅቷ ወንድሟን ከመዋዕለ ሕፃናት ታመጣዋለች፤ አንዳንድ ቀን አሁንም ትበሳጭበታለች፣ ከፊት ከፊት እየሄደች «ቶሎ ና!» ትለዋለች። ይህ የማንኛዋም ታላቅ እህት ብስጭት ነው ብዬ ስለማስብ መዝገቤ ላይ አላሰፈርኩትም።

አክስትየዋ ጋ ሁለት ጊዜ መልእክት ልኬ አልመጣችም። የተናገረችውን ልጅቷ መስማቷን ታውቃለች፤ እማማ ነግራታለች። አባትየው ደግሞ ሊያገባ ነው የሚል ወሬ አለ፤ ስጠይቀው አልካደም። ልጆቹ ከእሱ ጋር ይሁኑ ከእማማ ጋር ገና አልተወሰነም፤ ልጅቷ ደብተሩ የትም ቢሆኑ አብሯት እንዲሄድ ጠይቃለች፣ አባቷም እሺ ብሏታል። ከፋሲካ በኋላ ቤተሰቡን እንደገና ለማግኘት ቀጠሮ ይዘናል።